ተሸካሚ ያጣች ቃሬዛ

ዓዲላን ከሚሴ ላይ የማያውቃት የለም። የጨፋ ሮቢት ልጅ ናት። በጤና ጣቢያው ጤና ረዳት ሆና አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ ያዋለደቻቸው ልጆች እንደ አክስት ነው የሚጠሯት። ጣቢያው ያለችው አንዲት ላንድሮቨር ብቻ ናት። በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ግን መኪናዋ ሁለት ሥራ ያዘች። አንዱን ሳምንት ሕመምተኛ ስታመላልስ ትከርምና፣ ሌላውን ሳምንት ካድሬዎቹ ወስደው ለብሔራዊ ውትድርና ያፈሷቸውን ጎረምሶች ይጭኑባታል። ዓዲላ ስንት ጊዜ ተከራከረች፤ «እናት አገር ትቀድማለች» ተብላ ተመለሰች።

በጥቅምት አንድ ጠዋት ዘምዘም የምትባል ሴት እግሯ አቧራ ለብሶ፣ እያለከለከች ደረሰች።

«እቴ ዓዲላ፣ ድረሽልን! እህቴን ኡምኩልሱምን ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። አልወለድ አላት።»

«ትናንት ለምን አላመጣችኋትም?»

«በማን ትከሻ? ወንዱ ሁሉ አፈሳ ፈርቶ ማሽላ ውስጥ ገብቷል። ዛሬ ነው ባሏ ጀይሉ ሦስት ሰው በስንት ልመና ያገኘው። በቃሬዛ እስከ ወንዙ ያመጧታል።»

መኪናዋ በዋዜማው ተመልሳ ነበርና፣ ሾፌሩ ሸምሱ ሁለቱን ሴቶች ጭኖ ወጣ። ወንዙ ጋ ለመድረስ ሩብ ሰዓት የእግር መንገድ ሲቀራቸው ዘምዘም ትከሻውን ያዘችው።

«እዚህ አቁማት። መኪናዋን እንዳያዩ በእግራችን ሄደን እንቀበላቸው።»

ዓዲላ ሰዓቷን አየች። ሁለት ቀን ሙሉ ምጥ! «ጊዜ የለንም። ዝም ብለህ ንዳ» አለችው።

ስሕተቷ ይህች ናት። ላንድሮቨሯ አቧራ እያቦነነች ወንዙ አፋፍ ላይ ብቅ ስትል፣ ከማዶ ቁልቁለቱን ይወርዱ የነበሩት ተሸካሚዎች አዩዋት። ባለፈው ማክሰኞ የአጎቶቻቸውን ልጆች ከገበያ ጭና የሄደችው ራሷ ናት። ቃሬዛውን ቀስ አድርገው መሬት አስቀመጡና ሮጡ፤ አራቱም፣ ባሏም ጭምር። ማሽላው ዋጣቸው።

«ምን አድርገህ ነው ያስበረገግሃቸው?» አለች ዘምዘም።

«እኔ ምን አደረግሁ? ፊቴ ነው ሰው የሚያባርረው?» አለ ሸምሱ።

ዓዲላ ውኃውን እየሰነጠቀች ተሻገረች። ኡምኩልሱም ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የእንጨት ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አሳርፋ አደመጠች። የጽንሱ ልብ ይመታል፤ ግን እየዘገየ ነው። ደሴ ደርሳ በኦፕራሲዮን ካልወለደች ሁለቱም አይተርፉም።

«ኮቱ! ኑ፣ ውጡ!» ብላ ወደ ማሽላው ጮኸች። «ወላሂ ማንም የለም፣ እኔ ዓዲላ ነኝ!»

ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም። ቃሬዛውን ተከትለው የመጡ አምስት ሴቶች ቆመው ያለቅሳሉ። ዓዲላ አንዱን ጫፍ ያዘችና «አንሡ!» አለቻቸው።

መሪማ የምትባል አሮጊት ደነገጠች። «ቃሬዛ እኮ የቅሬው፣ የእድሩ ወንዶች ሥራ ነው፤ በሽተኛም ሬሳም የሚያነሡት እነሱ ናቸው። ሴት ቃሬዛ ስትሸከም የት ታይቷል?»

«የቅሬው ወንዶች የት አሉ?»

«ማሽላው ውስጥ።»

«እንግዲያው አብሽሩ፣ ዛሬ ቅሬው እኛ ነን። ወይስ ለቀብሯ ሲወጡ እንጠብቃቸው?»

 መሪማ መቀነቷን አጠበቀች። «እኔ አጭር ነኝ። ቁልቁለት ነውና ከላይ በኩል ልያዝ፤ አለዚያ ልጅቷ ትንሸራተትብናለች።»

ወንዙ መሐል ሲደርሱ ውኃው ጭናቸው ጋ ደረሰ። ሮጣ የተቀላቀለቻቸው ዘምዘም ድንጋይ አዳለጣት፤ የያዘችው ጫፍ ዘንበል አለና ኡምኩልሱም ጮኸች። ያን ጊዜ ከኋላ ውኃው ተንቦጫረቀ። ጀይሉ ነው፤ የማሽላ ቅጠል ፊቱን ቧጭሮታል። ጫፉን ተቀብሎ ትከሻው ላይ አደረገው።

መኪናዋ ውስጥ አስገብተዋት ሲያበቁ ጀይሉ በሩን ይዞ ቆመ። «እኔም ልሂድ።»

«ኬላው ላይ ካድሬዎቹ አሉ» አለው ሸምሱ። «በዚህችው መኪና ይወስዱሃል፤ ወደ ደሴ ግን አይደለም።»

ዓዲላ ጣቶቹን ከበሩ አላቀቀች። «ደም ቢያስፈልግ ዘምዘም ትሰጣለች። አንተ ተመለስ፣ ለልጅህ ትፈለጋለህ።»

«ማን ይነግረኛል?»

«እኔ ራሴ።»

ኬላው ላይ አንድ ካድሬ እጁን አነሣ። «ጥሩ ጊዜ መጣችሁ፤ መኪናዋ ለግዳጅ ትፈለጋለች።»

ዓዲላ ወርዳ የኋላውን በር በረገደችው። «በል፣ ግባና አንተው ውረጂ በላት!»

ሰውየው አንዴ ወደ ውስጥ አየ። ፊቱን አዞረና የኬላውን ገመድ ለቀቀ። ሸምሱ እስከ ደሴ ነዳጁን አልቆጠበም።

በአራተኛው ቀን ዓዲላ መኪና አልጠየቀችም። በእግሯ ሄደች፣ ወንዙን ተሻገረች፣ ማሽላው ዳር ቆመች። ዙሪያውን የሰው ዘር አይታይም።

«ጀይሉ! ሴት ልጅ ናት! እናቷም እህል ቀምሳለች!»

 «አልሐምዱሊላህ» የሚል የወንድ ድምፅ ከውስጥ ተሰማ። ከወዲያ ጥግ ሌላ፣ ከዚህም ሌላ፣ ከሩቅም ሌላ። ዓዲላ ያን ያህል ሰው እዚያ ውስጥ መኖሩን አላወቀችም ነበር።