ዓሣዎቹ ቤት የገባችው ሙሽራ

የውሃ ተክሏን ልተክል የዓሣ ገንዳውን አሸዋ በጣቴ ስቆፍር፣ የእርጥብ አሸዋው ሽታ አባቴ ሱቅ ወሰደኝ።

ልጅ ነበርኩ። አባቴ ጎንደር ውስጥ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። ባንኮኒው አጠገብ ዓሣዎች የሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ ነበረው፤ አንድ ቀን አዲስ ተክል ተከልንበት። ዓሣዎቹ ነቀሉት። መልሰን ተክለን ሥሩን በድንጋይ አስያዝነው፤ ቅጠሉ ግን ቢጫ ሆኖ መርገፍ ጀመረ። ሥር መስደዱን ለማየት ልነቅለው ስል፣ ከቆላ ድባ የመጣችው አክስቴ እጄን ያዘችኝ።

"ምነው ልጄ? ሙሽራ በገባች ማግስት ውሃ ቅጂ ትባላለች? የገባችው የነባር ሰው ቤት ነው። ይዛ የመጣችውን ቅጠል አራግፋ የዚህን ቤት ቅጠል ታወጣለች፤ ተያት።"

ነገሩ ባይገባኝም ተውኳት። አንድ ጠዋት ከመሃሏ ለምለም ቅጠል ብቅ ብሎ አገኘሁ። ጩኸቴን የሰሙ ባለሱቆች ሁሉ መጥተው አዩልኝ፤ አባቴም ጨርቅ የሚለካለትን ደንበኛ ትቶ መጣ።

ዛሬ የምተክለው በባሌ ወላጆች ቤት ነው። አዲስ የገባሁ ሰሞን ማንኪያ የት እንደሚቀመጥ እንኳ እየፈራሁ ነበር የምጠይቀው። አሁን አማቴ ሌላዋን ተክል ይዘው አጠገቤ ቆመዋል።

"ይችንስ የት እናድርጋት?" አሉኝ።

"መሃል ላይ" አልኳቸው።