ስድስቱም ክር ይሰማል፣ ጋሽ አለምነህ

ኧረ እኔ አላመንኩም። ጠዋት ተደውሎ "ጋሽ አለምነህ አረፉ" ሲሉኝ "የትኛው አለምነህ?" ነው ያልኩት። ማርቆስ ውስጥ ስንት አለምነህ አለ። የኔው እንዳይሆኑ ብዬ ነው። የኔው ናቸው።

ትናንት እኮ በስልክ "ነገ ቤዛን ይዘህልኝ ና፣ የቀረን ማስተካከሉ ብቻ ነው" ብለውኛል። ተኝተው በዛው ቀሩ።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ አለምነህ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ እንደ አዲስ የሚጠቀልሉ ባለሙያ ነበሩ። የወፍጮ ሞተር ከቁይም ከሮብ ገበያም እየተጫነ እሳቸው ጋ ይመጣል። ጊታር ነክተው አያውቁም። ያስጀመረቻቸው የኔ ልጅ ቤዛ ናት።

አጎቷ የላከላት ኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፑ ተበላሸ። መኪናውን አይደለም የምለው፣ ከክሮቹ ስር ሆና ድምፅ የምትይዘዋን ዕቃ ነው። እዚህ የሚሸጥ የለም። ጋሼ ፈታተው አዩና "ይሄማ ማግኔት ላይ የተጠቀለለ ሽቦ ነው! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ምን ስሠራ ኖርኩ?" አሉ።

እኔ እንደልማዴ ስጋቴን ደረደርኩ። አንድ፣ ኮረንቲ ቢይዛትስ? ሁለት፣ ጊታሩ ጭራሽ ቢሞትስ? ሦስት፣ ትምህርቷስ?

"አንተ ስጋታም፣ አራተኛውን ቤትህ ሄደህ አስብና ንገረኝ" ብለው አስወጡኝ።

ፀጉር የምታክል ሽቦ ጠቀለሉ፣ እንዳትላወስ በሰም ነከሯት። በየክሩ ስር አንድ አንድ ብሎን አለ። ብሎኑ ወደ ክሩ ሲጠጋ ድምፁ ይጎላል፣ ሲርቅ ይቀንሳል። ስድስቱን እኩል ማሰማት ነው ሥራው። ሲያዳምጡ ውለው "አለቀ!" አሉ።

ቤዛ መታ መታ አድርጋ ጆሮዋን ያዘች። "ጋሼ፣ ቀጭኗ ክር እኮ ትጮሃለች!"

"የቷ? እሷማ ገና አልወጣላትም!"

"ኧረ ጆሮ ትበሳለች!"

ለካ የጋሼ ጆሮ ነው። ዕድሜም የሞተር ጩኸትም ተደማምሮ ቀጭን ድምፅ አይሰማቸውም ነበር። ያልሰሟትን ክር ብሎኑን እያስጠጉ፣ እያስጠጉ…

ብሎኗን ጎንበስ ብለው አዩ። አዘኑ ብዬ ተጨነቅኩ። ከዛ ሳቃቸው መጣ። "በሉ እንግዲህ የኔ ጆሮ ብቻውን ዳኛ አይሆንም፣ ሰው ጥሩ!"

ጎረቤት ያለውን ልብስ ሰፊ፣ ሻይ የምታፈላውን ልጅ፣ ሞተር ሊወስድ የመጣውን ባለወፍጮ ሁሉ ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረው አቆሙን። ቤዛ በየተራ ትመታለች፣ እሳቸው ካቻቪቴ ይዘው "የጮኸውን ተዉት፣ የጠፋባችሁን ንገሩኝ" ይላሉ።

ባለወፍጮው "ክሩስ ሁሉም አለ፣ የጠፋው የኔ ሞተር ነው" ሲላቸው ካቻቪቴው ከእጃቸው ወደቀ፣ በሳቅ።

ያቺ ፒክአፕ በቅርቡ ሽቦዋ ተበጠሰና አዲስ ጠቅልለው ገጠሙላት። ቅዳሜ ቤዛ በትምህርት ቤቷ መድረክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ትጫወታለች። ትናንት መብራት ጠፋና ማስተካከሉ ለዛሬ አደረ።

ዛሬ ጠዋት "ያለ ጋሼ አልነካውም፣ ቅዳሜም አልወጣም" ብላ በሯን ዘጋች። እንደምንም ይዣት ለቅሶ ቤት ሄድን። ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ በእንባቸው መሃል አቀፏትና "ጊታርሽ ተስተካከለ?" አሏት። አልተስተካከለም በሚል ራሷን ነቀነቀች።

"መብራቱ ጠፋ ብሎ ሲቆጭ ነው ያመሸው። ሂጂ ጨርሺለት፣ የኔ ልጅ።"

እኔ ሰው ምን ይለናል ብዬ ሰግቼ ነበር። ቤዛ ግን ቤት እንደገባን ጊታሩን ድምፁን ዝቅ አድርጋ ከፈተችና "አባዬ፣ ፊትህን አዙር። የጠፋብህን ንገረኝ" አለችኝ።

"አራተኛዋ" አልኳት። ብሎኗን አዞረች። እንደገና መታች። ሁሉም አለ። ፊቴ ወደ ግድግዳ መሆኑ በጀኝ።

ቅዳሜ እወጣለሁ ብላለች።

ጋሼ፣ አራተኛውን ስጋት አስብና ንገረኝ ብለውኝ ነበር። "እርስዎ የሌሉ ቀን ማን ያስተካክልላታል?" የሚል ነበር፣ አፌ ላይ እየመጣ ዋጥኩት። መልሱን ዛሬ ጀርባዬን ሰጥቼ ሰማሁት።

በሰላም ይረፉ። ቅዳሜ ጆሮዎን ወደኛ ያድርጉልን። አሁንስ ቀጭኗንም ይሰሟታል።