የማልሱን ድርሻ

እኔ ኮሪያ፣ ኢንቾን ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ ረጅም አፓርታማ ሥር፣ ላውንደሪ አለኝ። የሰው ገበና በልብሱ ይታወቃል። ማን ሲጠጣ እንዳመሸ፣ ማን ሥጋ ሲጠብስ እንደዋለ አፍንጫዬ ይነግረኛል። ደግነቱ አፍንጫዬ እንደ አፌ አይለፈልፍም።

ጋሽ ጊልሶፕ የተማሪ ሰርቪስ ሹፌር ነው። ሚስቱ ማልሱን ከሞተች ወዲህ ላይኛው ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል። ከወጣትነቱ ጀምሮ አጫሽ ነው። በረንዳው ላይ ሲያጨስ ጎረቤት ያመለክትበትና የሕንፃው ድምፅ ማጉያ "በረንዳ ላይ የምታጨሱ፣ እባካችሁ" እያለ ይለፈልፋል። ስም ባይጠራም ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ለዚህ ሁሉ ግድ አልነበረውም። ግድ የሰጠው ልጁ ሰልጊ ሮዋን ስትወልድ ነው።

"አባዬ፣ ልብስህም ፀጉርህም ሲጋራ ሲጋራ ይላል። ካልተውክ ሮዋን አላስታቅፍህም" አለችው።

ጃኬቱን ደጋግሜ አጠብኩለት። "ጋሼ፣ ይሄ ከሳሙና አቅም በላይ ነው። መዘፍዘፍ ያለበት ጃኬቱ ሳይሆን አንተ ነህ" አልኩት። ለወጉ ያህል ሳቀልኝ።

በማግስቱ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ገዝቶ መጣና ኮክ ኮክ የሚል ጭስ ለቀቀብኝ።

"ምነው፣ ማስቲካ የሚያኝክ ሕፃን መሰልክ?"

"ሕፃኗን ልቀፍ እንጂ የፈለግሽውን ልምሰል።"

መጀመሪያ ሁለቱንም ያፈራርቅ ነበር። ጠዋት ከቡና በኋላ እውነተኛውን ካላገኘ ቀኑ አይጀመርለትም። እያደር ግን ተወው። ድሮ ከቆሻሻ መጣያው ጀርባ ከሌሎች አጫሾች ጋር ቆሞ ያወራ ነበር፤ አሁን "እሳት አለህ?" ብሎ የሚጠጋው ሰው እንኳ ጠፋ። በባትሪ የሚሠራ ሲጋራ ይዞ ለማን እሳት ይሰጣል? ሰርቪሱ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ሲያጨስ በሱቄ መስኮት አየዋለሁ።

ሮዋ በተወለደች በመቶኛው ቀን፣ እንደ አገራችን ወግ፣ ድግስ ሆነና ሰልጊ "ና፣ ዛሬ ታቅፋታለህ" አለችው። ቀኑ የማልሱን ሙት ዓመትም ነበርና ጠዋት ወደ መቃብሯ ሄደ። እኛ ዘንድ አጫሽ ለነበረ ሰው አንድ ሲጋራ ተለኩሶ መቃብሩ ድንጋይ ላይ ይቀመጥለታል። ማልሱን ደግሞ ታጨስ ነበር። በእሷ ዘመን ሴት ስታጨስ ከታየች ጉድ ይባል ነበርና፣ ሰልጊ ስትተኛ ጠብቃ በረንዳው ላይ ከባሏ ጋር ነበር የምታጨሰው። ሰልጊ እስከ ዛሬ አታውቅም። እኔ አውቃለሁ፤ ሹራቧን የማጥበው እኔ ነበርኩ።

የኮረብታው ነፋስ አስቸገረው። ሲጋራው እንዲቀጣጠል እሱ ራሱ ደጋግሞ መሳብ ነበረበት፤ ጭሱም ኮቱ ላይ ቀረ። በዚያው ወደ ድግሱ ሄደ።

ሰልጊ በሩን ከፍታ ገና ሳይገባ አሸተተችው። "አባዬ፣ ዛሬ እንኳን? በሮዋ ቀን?" ብላ ልጅቷን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። እሱም ጫማውን ሳያወልቅ ተመለሰ።

ኮቱን ባንኮኒዬ ላይ አስቀምጦ ነገሩን ሲነግረኝ ደሜ ፈላ።

"ታዲያ ለእናትሽ ነው አትላትም? አፍ የለህም?"

"ማልሱን አደራ ብላኛለች። ሆስፒታል ተኝታ 'ልጄ እንዳትሰማ' ነው ያለችኝ።"

"ሞታ የለ እንዴ! አሁን ብትሰማ ምን ትሆናለች?"

"አንቺ ደግሞ" አለኝ። እኔም አፈርኩ።

ሁሉም የሟቾቹን መቃብር በሚጎበኝበት በመኸር በዓል መቃብሯ ጋ ሲሄድ ሲጋራ አልያዘም። ያቺን ባለባትሪ ሲጋራውን ድንጋዩ ላይ አቆመላት። ዕቃዋ ደግሞ ካልሳቧት አትጨስም፤ እንዲሁ ተገትራ ቀረች። "ባዶ እጄን የሄድኩ ያህል ነው የተሰማኝ። ይቅርታ ጠይቄያት መጣሁ" አለኝ።

ባለፈው ሳምንት አባትና ልጅ አብረው ሱቄ መጡ። ሮዋ ትከሻው ላይ ተኝታለች፤ እንዳትነቃበት ሲተነፍስ እንኳ ቀስ ይላል። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። ሰልጊ ቀሚሷን እየተቀበለችኝ ሳቀች።

"እትዬ፣ አባዬን አየሽልኝ? ሲጋራ ጭራሽ ተወ'ኮ!" ወደ እሱም ዞረች። "እማዬ ብታይህ እንዴት ደስ ባላት። የሲጋራ ሽታ እኮ ሞቷ ነበር። ትዝ ይለኛል፣ የተኛሁ መስሏት፣ በረንዳው ላይ አጠገብህ ቆማ ስትቆጣህ።"

ምላሴን ነክሼ ካውያዬን አነሳሁ። ጋሽ ጊልሶፕ ሮዋን ጠበቅ አድርጎ አቀፋት።

"አዎ" አላት። "በጣም ነበር የምትጠላው።"