ረዲ ወንበሮቹን የፈታ ቀን

ረዲ ዋቆ ከሮቤ ጎባ ሚኒባስ የሚነዳ ሰው ነው። የተወለደው ገሰራ አጠገብ ነው፤ አባቱ ገብስና ስንዴ ያርሱ ነበር። ሮቤ የመጣው መኪና ለማጠብ ነው። ከዚያ እህል በሚጭን አይሱዙ ላይ ረዳት ሆነ፣ ከዚያም ሾፌር። ይህችን ሚኒባስ የገዛት አሥራ ስድስት ዓመት የሰው መኪና ከነዳ በኋላ ነው። የወንበሮቹን ልብስ ሚስቱ ሰሚያ ዳር ዳሩን በአረንጓዴ ክር ጠልፋለታለች። ተሳፋሪ ጭቃ ይዞ ሲገባ አይቆጣም፤ ጎባ ሲደርስ ወርዶ ራሱ ይጠርጋል። ሰው የረሳውን ዣንጥላ፣ የሐኪም ወረቀት፣ አንድ ጊዜም የአንዲት አሮጊት ሰው ሠራሽ ጥርስ በላስቲክ ጠቅልሎ ባለቤቱን ሲያፈላልግ አይቻለሁ። ይህን ሁሉ የማስቀድመው ወንድሜ መሸሻ በዚህ ሰው ላይ ያደረገውን ሳስብ ዛሬም ስለሚያንገበግበኝ ነው።

መሸሻ ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ነው። የድሮ ገንዘብ ይሰበስባል። ከምኒልክ ዘመን ብሩም፣ ሩቡም፣ ተሙኑም አለው፤ የጎደለው አላድ የሚባለው የብር ግማሽ ብቻ ነበር። ባለፈው ጥር አጋርፋ አንድ ሽማግሌ ዘንድ አለ ተባለ። ገብስም ልንገዛ ስለፈለግን የረዲን መኪና በኮንትራት ይዘን ሄድን።

መሸሻ አላዱን ገዛ። እኔ ደግሞ ከአንዲት ጁሀራ ከምትባል ነጋዴ ለበሶ የሚሆን ገብስ ገዛሁ። ጁሀራ ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ ምራቂ ብላ አንድ እፍኝ ጨመረችልኝ፣ ፊቴን አየችና ሌላም ጨመረች። ከረጢቱ እስከ አፉ ሞልቶ አልታሰር አለ። አፉ እንደተከፈተ በእግሮቼ መካከል አቆምኩት።

ስንመለስ መሸሻ አጠገቤ ተቀምጦ አላዱን በየአሥር ደቂቃው ከመሀረቡ ያወጣል፣ ወደ መስኮቱ ያዞረዋል፣ አንበሳውን በአውራ ጣቱ ያሻሻል።

«ያስገቡት ጋሼ፣ መንገዱ ጥሩ አይደለም» አለው ረዲ በመስታወት እያየው።

«አንተ መንገድህን እይ» አለ መሸሻ።

ብዙም ሳንሄድ የበግ መንጋ ከስንዴ ማሳ ውስጥ ወጥቶ መንገዱን ዘጋው። ረዲ ፍሬን ያዘ። ሁላችንም ወደ ፊት ተወረወርን። ቀና ስንል የመሸሻ እጅ ባዶ ነበር።

እዚያው ቆመን ፈለግን። ረዲ በሆዱ ተኝቶ ከወንበሮቹ ሥር በስልኩ መብራት አየ፤ ምንጣፉን ገልብጦ አራገፈ። አላዱ የለም።

«መናኸሪያ ግባ» አለ መሸሻ። «ሰው ባለበት ይፈተሽ።»

«ለምን ሰው ባለበት?»

«እጅህን ወደ ታች ስትልክ አይቻለሁ።»

«ማርሽ ነው የያዝኩት ጋሼ። በጥርሴ ልቀይረው?»

ሮቤ ደረስን። መናኸሪያው በሾፌርና በተሳፋሪ ተሞልቶ ነበር። መሸሻ ገና ከመውረዱ «አላዴን ይህ ሰው ወስዶብኛል» አለ፣ ስብሰባ ላይ በለመደው ትልቅ ድምፁ። ረዲ መፍቻ አውጥቶ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ፈታ። ሰሚያ የጠለፈችውን ልብስ ገፎ አስፋልቱ ላይ ጣለው። ከወንበሮቹ ሥር የወጣው አንድ የፀጉር ማስያዣ፣ ሁለት ባቄላና የዛገ ሃምሳ ሳንቲም ነው። ጃኬቱን አወለቀ፣ ኪሶቹን ገለበጠ፣ ጫማውንም አወለቀ።

«ሞተሩንም አውርደው» አለ ጫሊ የሚባል ሾፌር። «ምናልባት ነዳጅ ውስጥ ሟሙቶ ይሆናል።» ሰው ሳቀ።

ረዲ በካልሲ ቆሞ ወደ እኔ ዞረ፤ አዮ ነው የሚለኝ፣ እናቴ እንደማለት። «የአዮ ከረጢት ይቀራል። ይገልበጥ።»

«እህቴን ሌባ ልታደርጋት ነው?» ብሎ ጮኸ መሸሻ።

እኔ ገብሴን አቅፌ ቆሜያለሁ። «ይገልበጥ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ያን ሁሉ ሰው ሳይ ፈራሁ፤ በመሸሻ የምናደደውን ያህል በራሴም የምናደደው ለዚህ ነው።

በሚቀጥሉት ቀናት ሰው የረዲን ሚኒባስ እያለፈ ከኋላው የቆመችው ላይ መሳፈር ጀመረ። ሰሚያ ገበያ ላይ አገኘችኝና ሰላምታዬን ሳትመልስ ሄደች። እንኳን አልመለሰች።

በስምንተኛው ቀን ገብሱን ልለቅመው አንሶላ ላይ ዘረገፍኩት። አላዱ ከመካከሉ ወጣ። ከረጢቱ ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ይገኝ ነበር።

መሸሻን ጠራሁት። መጣ፣ አየ፣ ሳቀ። አዎ፣ ሳቀ። ማጉያ መነጽሩን ሊያመጣ ተነሣ። የረዲን ስም አላነሣም። አላዱን አንሥቼ ቀሚሴ ውስጥ ከተትኩት።

«ስጪኝ እንጂ ወሰንየለሽ።»

«መጀመሪያ መናኸሪያ ትሄዳለህ።»

«ቤቱ ሽማግሌ እንልካለን። ምሳ እንጠራዋለን። ሰው ፊት ምን አስፈለገ?»

«የሰደብከው ቤቱ ገብተህ ነው?»

እንዲህ ብዬው አላውቅም፤ ታላቄ ነው። ኮቱን ለበሰ።

ረዲ ተራ ይጠብቅ ነበር። አላዱን አሳየሁት። አልነካውም። «ለኔ አይደለም አዮ። ለነሱ ንገሩ» አለ ወደ ሾፌሮቹ በአገጩ እያመለከተ።

መሸሻ መሬት መሬት እያየ ገብስ ውስጥ መገኘቱን ተናገረ።

«አልተሰማም ጋሼ» አለ ጫሊ። «ያን ጊዜ ድምፅዎ ደህና ነበር።»

ደገመው። «ረዲ አልወሰደም። ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ጮክ ብሎ። ከዚያ ያላሰብኩትን አደረገ፤ አላዱን ከእጄ ወስዶ ወደ ረዲ ዘረጋ። «ካሣ ይሁንህ።»

«ላኪ፣ አይሆንም» አለ ረዲ። «እርስዎ አሁንም አልገባዎትም። ይህ እጄ ላይ ቢታይ ሰው ምን ይላል?»

መሸሻ አላዱን ኪሱ ከቶ በእግሩ ወደ ቤት ሄደ። ተሳፋሪዎቹ ግን ከሚኒባሱ ፈንጠር ብለው እንደቆሙ ነበሩ፤ ማን ቀድሞ እንደሚገባ የሚጠባበቁ ይመስላሉ። ጎባ ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። ገባሁና ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጥኩ። አንዲት ሁለት ዶሮ የያዘች ሴት ተከተለችኝ፣ ከዚያ ሦስት ተማሪዎች፣ ከዚያ ሞላ።

ረዲ ሒሳቤን እንደማንም ሰው ተቀበለኝ። ከዚያ የተለየ ነገር እኔም አልጠበቅሁም።