የዓርብ ደብተር

የበደለችኝ የአካባቢያችንን ትምህርት ቤቶች አንድ ላይ የያዘው ጉድኝት ሱፐርቫይዘር ናት። ጊዜው አቃቂ በሰቃ አስተምርበት የነበረው መዋዕለ ሕፃናት አዲሱን ሥርዓተ ትምህርት የጀመረበት ዓመት ነው። እሳቸው ልላት ይገባኝ ይሆናል፤ አልልም።

በዚያ ዓመት ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ደብተር አደለችን። ዓርብ ዓርብ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ተቀምጠን በሳምንቱ ምን እንዳጠፋን፣ ለምን እንዳጠፋንና ሰኞ ምን ብንቀይር እንደሚሻል ጽፈን እንድንሰጣት ነው። ከጎኔ ያለውን ክፍል የምትይዘው ጓደኛዬ ይህ ለሥራ አፈጻጸም ምዘና ይውላል ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«ከእኔና ከእናንተ አይወጣም፤ ነጥብም የለውም» አለች።

ጓደኛዬ አላመነቻትም፤ ዓመቱን ሙሉ ራሷን እያመሰገነች ጻፈች። እኔን ሞኝ ትለኝ ነበር። እኔ ማመን ብቻ ሳይሆን ነገሩን ወደድኩት። ለዓመታት ሳስተምር ሳይቆጣ ምን ከበደሽ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

ክፍሌ ውስጥ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች፤ ከገላን ኮንዶሚኒየም በባጃጅ ታመጣታለች። ልጅቷ ትምህርት ከተጀመረ አንድ ቃል አልወጣትም። አንድ ማክሰኞ ልብሷን አረጠበች። ልጆቹ ሳቁባት። እኔም ክፍሉ ሞልቶ ተንጫጭቶብኝ ነበርና ወንበሯን በሩ አጠገብ ወስጄ እስክትደርቅ ብዬ አስቀመጥኳት። ቅያሪ ልብስ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነበር። እስከ ዕረፍት ድረስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች።

ዓርብ ይህንኑ ጻፍኩ፤ ቅያሪው እንደነበረ ጭምር። ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በር ላይ እየጠበቅኩ እቀበላት ጀመር። ሽንት ቤት አብሬያት እሄዳለሁ፣ መልስ ሳልጠብቅ አወራታለሁ። እሱንም በየሳምንቱ ጻፍኩ። ኅዳር ላይ አንድ ቀን ቀሚሴን ጎተት አደረገችና በእጇ የያዘችውን አሻንጉሊት እያሳየች «ቲቸር፣ እሷ አርጥባለች» አለችኝ። ጨርቅ ፈልገን የአሻንጉሊቷን ልብስ ቀየርንላት።

በማግስቱ የወላጆች ስብሰባ ነበር። ሱፐርቫይዘሯ ከበላይ ለመጡ ኃላፊዎች የደብተሩን ሥራ ልታሳይ ፈልጋ ነው መሰለኝ፣ የእኔን ደብተር አውጥታ አነበበች። ስም አልጠራችም። ያነበበችው የማክሰኞውን ገጽ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን አልገለጠችም። የማትናገር ልጅ፣ በፈረቃ የምትሠራ እናት ሲባል ግን ማን እንደሆነች ያላወቀ አልነበረም።

እናቷ ከኋላ ወንበር ተነሣች። እስከዚያ ቀን እርስዎ ትለኝ ነበር።

«እኔ ከፈረቃ ወጥቼ እንቅልፌን ሳልተኛ ነው የማመጣልሽ» አለችኝ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ለእኔ መንገር አቅቶሽ ለደብተር ነገርሽው?»

ልጅሽ እኮ ትናንት ተናገረች ልላት እችል ነበር። ሱፐርቫይዘሯ ቀሪውን ገጽ ታንብብልኝ ብዬ ዓይን ዓይኗን አያለሁ፤ እሷ ወረቀቷን ታስተካክላለች። ልጅቷ ከዚያ ቀን በኋላ አልመጣችም። የት እንዳስገባቻት አላውቅም፤ ሄጄም አልጠየቅኩም። በመንፈቀ ዓመቱ ምዘናዬ ዝቅ ብሎ መጣ፤ ምክንያቱም ከደብተሬ ቃል በቃል ተገልብጦ ነበር።

ሱፐርቫይዘሯን ይቅር አላልኳትም፤ ይህን የምጽፈውም ይቅር ለማለት አይደለም። ግን ያን ማክሰኞ እናትየው ልጇን ልትወስድ መጥታ በር ላይ ቆመን ሰላምታ ተለዋውጠናል። ያኔ መንገር ነበረብኝ። ይህን በማንም ላላክክ አልችልም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ የመዋዕለ ሕፃናቱ ኃላፊ ሆንኩ፤ ደብተሮቹን የምሰበስበውም እኔ። በመጀመሪያው ወር ከኮሌጅ በቅርብ የወጣች መምህርት የእሷን አመጣችልኝ። አንድ ልጅ አልቀመጥ ሲላት ክንዱን ይዛ እንደጎተተችውና ከዚያ ወዲህ እንደሚፈራት ጽፋለች። ከሥር ምን ላድርግ ብላ ጠይቃኛለች። ገጹን ቀድጄ ጣልኩት። ሳምንቱ በሰላም አለፈ ብላ እንድትጽፍ ነገርኳት፤ ጻፈች። ፈረምኩበት። ስለ ልጁ አልጠየቅኳትም።