አራሶችን የጠበቀች ነርስ

ፈትሂያ ከድሬዳዋ መጥታ፣ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ እንደገና በምትገነባው በሶማሌላንዷ ሀርጌሳ፣ በማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ጤና ጣቢያ በነርስነት የተቀጠረች፣ በከተማው ዘመድ የሌላት ሴት ነበረች። ለድኅረ ወሊድ ክፍሏ ግብ እንድትጽፍ በታዘዘች ጊዜ በሥልጠና እንደተማረችው ጻፈች፦ «በሦስት ወር ውስጥ ከሚወልዱ እናቶች ሰማንያ በመቶው በወለዱ በሳምንታቸው ለምርመራ ይመጣሉ።» ግቡ ቁጥርም ጊዜም ነበረው፤ የመጣች እናት ግን አልነበረችም። የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ከባዶው አልጋ አጠገብ ብቻዋን ተቀመጠች።

ድሬዳዋ ያደገው ኃላፊዋ ጃማዕ ክፍሉን ሊዘጋ መጣ።

«ፈትሂያ፣ እናትሽ አራስ ሳሉ ገበያ ይወጡ ነበር?»

«አዑዙ ቢላሂ! አርባ ቀን ሳይሞላቸው?»

«ታዲያ የዚህ አገር አራስ ምን በድላሽ ነው በሳምንቷ የምትጠሪያት?»

ፈትሂያ ግቡን የጻፈችበትን ወረቀት አወጣች። ከዚያም «ይመጣሉ» የሚለውን ሰርዛ «በቤታቸው ይጎበኛሉ» ብላ ጻፈች።

«ማን ይጎበኛቸዋል?»

«እኔ።»

ጃማዕ ክፍሉን ሳይዘጋ እስከ ሦስተኛው ወር ሊታገሣት ተስማማ። በማግስቱ ባንኳኳችው የመጀመሪያ የአራስ ቤት በር አንዲት አሮጊት «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት። በዚያ ከተማ የምትጠራው ጎሳ አልነበራትም፤ «ሕፃኑን ልመዝን ነው የመጣሁት» አለች። አሮጊቷ ጥቂት አመንትተው አስገቧት። በሴቶች ጨዋታ በተሞላው ክፍል አራሷን መረመረች፤ የሕፃኑን ክብደት ተናገረችና ሌሎቹ እንደተቀመጡ ብቻዋን ወጣች። ከግቧ የመጀመሪያው ጉብኝት ተፈጸመ።