ለመልስ ያልደረሰ ልጅ

ልጄ አፍ ሳይፈታ ሞተ።

እኔ ልጅ ሳለሁ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ እንሰት በከበበው ቤታችን ተረት የሚነግረን አጎቴ ላምቤቦ ነበር። በሚሲዮን ክሊኒክ ድሬሰር ስለነበር እንግሊዝኛን ከነርሶቹ አፍ ለምዶታል። ያኔ፣ ማታ ቆጮው ከተበላ በኋላ፣ ላሞቹ በወዲያኛው ጥግ እያመሰኩ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ እኔና እህቴ ፍሙ ዙሪያ ቁጭ ብለን አፍ አፉን እናየው ነበር።

ተረቱ በቋንቋችን በሀዲይሳ ነው። በእኛ ቤት ተረት የሚሰማ ሰው መመለስ አለበት፤ ካልመለሰ ተራቹ ያቆማል። አጎቴ ደግሞ መልሱን እንግሊዝኛ አደረገው። ትምህርት ቤት አስተማሪያችን ሁለት ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል እያጣመረ ሰሌዳውን ይሞላና በቃል አጥኑ ይለን ነበር። እኔ ሉክ አፍተርና ሉክ ፎር ይምታቱብኛል። አጎቴ ዘንድ ግን አይምታቱም።

«ፍየሏ ግልገሏን ታጠባለች፣ ከብርድ ትከልላለች» ይልና ዝም ይላል።

«ሺ ሉክስ አፍተር ሂም!» እንላለን።

«አንድ ቀን ግልገሉ ጠፋ። ፍየሏ በየገደሉ፣ በየቁጥቋጦው እየዞረች...»

«ሺ ሉክስ ፎር ሂም!»

ግልገሉን ሊበላ ያደፈጠው ጅብ ጠብቆ ጠብቆ ታክቶት ሲተወው፣ «ሂ ጊቭስ አፕ!» ብለን እንጮሃለን። እህቴ ከቀደመችኝ አኮርፋለሁ።

በፈተና ቃላቱን ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ ስንባል፣ የእኔ ሁሉ የፍየልና የጅብ ሆነ። አስተማሪያችን ወረቀቴን ይዞ ሳቀ።

«አንተ፣ የእናንተ ሰፈር ጅብ እንግሊዝኛ ይሰማል እንዴ?»

ክፍሉ አውካካ። ሁሉንም ግን ልክ ብሎ አረመልኝ። እስከ ዛሬም ሉክ ፎር የሚል ሳነብ የምትዞረው ፍየል ናት የምትታየኝ፤ የአጎቴም ድምፅ ይናፍቀኛል።

አጎቴ ለታናሽ ወንድማችን ተረት አይነግረውም ነበር። እናቴ ሕፃኑን ታቅፋ ስትጠጋ፣ «ይኼ ገና ነው፤ አፍ ይፍታና ይምጣ» ይላታል። ለማይመልስ ልጅ ተረት አይነገርም። ይህ ልማድ ከእኔ ጋር ቀረ። ልጄ ሲወለድ ተረቶቹን አስቀመጥኩለት። ጉልበቴ ላይ ሆኖ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ፣ «ቆይ፣ ትንሽ ነው የቀረህ» እለው ነበር። ትኩሳቱ አልጠበቀንም።

የተቀበረ ዕለት፣ ሲመሽ፣ ጎረቤቱ ወደየቤቱ ሄደ። ባለቤቴ የዱራሜ ልጅ ናት፤ የምንግባባው በአማርኛ ነው፤ የእኛን ቤት ተረት አታውቅም። ኩራዙን ወደ እኔ አስጠጋች።

«ለእሱ ያስቀመጥከውን ለእኔ ንገረኝ» አለችኝ።

«አሁን?»

«አዎ፣ አሁን።»

ጀመርኩላት። ፍየሏ ፍለጋ ስትወጣ ባለቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ጅቡ ትቶት ከሄደ በኋላ ያለው ቦታ ላይ ስደርስ አቆምኩ። በተረቱ ግልገሉ ወደ እናቱ ይመለሳል።

«ከዚያስ?» አለች።

የኩራዙን ክር ከፍ አደረግኩ።

«ተመለሰ፣ አይደል?» አለች። «ግዴለም፣ ጨርሰው።»

ጨረስኩላት።